አፑ 742 ይለኛል፣ ባንኩ 668፤ የትኛውን ልመን?

ጥያቄው በአጭሩ እንዲህ ነው። ጠያቂዋ አሜሪካ ከገባች አምስት ዓመቷ ነው። ከባለቤቷ ጋር ቤት ለመግዛት አስበው አንድ ባንክ ሄዱ። ስልኳ ላይ ያለው አፕ ክሬዲት ስኮሯ (አበዳሪዎች የሰውን ዕዳ ከፋይነት የሚመዝኑበት ቁጥር) 742 ነው ይላታል። የባንኩ ሰው ግን «ያንቺ 668፣ የባለቤትሽ 631 ነው» አላቸው። «የቱን ልመን? ሰዎች ካርድሽ ላይ ትንሽ ዕዳ አስቀሪ፣ የድሮውን ካርድ ዝጊ፣ ስኮርሽን ቶሎ ቶሎ አትዪ ይወርዳል ይሉኛል። አንድ ሰው ደግሞ በ900 ዶላር ክሬዲታችሁን አጸዳለሁ ብሎናል። ባለቤቴ ለአጎቱ ልጅ መኪና ኮሳይን አድርጓል (ብድሩ ላይ አብሮ ፈርሟል)፣ የሚከፍለው ግን ልጁ ራሱ ነው። በአራት ወር ውስጥ ማመልከት እንፈልጋለን። ምን እናድርግ?»

አፑም አልዋሸሽም፣ ባንኩም አልዋሸሽም። ስህተቱ አንድ ሰው አንድ ስኮር ብቻ አለው ብሎ ማሰቡ ላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ የሰውን የብድር ታሪክ የሚሰበስቡ ሦስት ትልልቅ ድርጅቶች አሉ፤ ኢኩዊፋክስ፣ ኤክስፔሪያን እና ትራንስዩኒየን። የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚመስላቸው ብዙ ሰው አለ፣ ግን የግል ኩባንያዎች ናቸው። እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን መዝገብ ይይዛሉ። አበዳሪ ደግሞ ለሦስቱም የመላክ ግዴታ የለበትም። ስለዚህ አንዱ ጋ ያለ ዕዳ ሌላው ጋ ላይኖር ይችላል።

በዚህ ላይ የስሌቱ ቀመር ይለያያል። ከ1989 ጀምሮ ያለው ፋይኮ አለ። በ2006 ደግሞ ሦስቱ ድርጅቶች አብረው ያወጡት ቫንቴጅ ስኮር መጣ። ሁለቱም ዛሬ ከ300 እስከ 850 ስለሚለኩ ሰው አንድ ናቸው ይላል። ነጻ አፖች ብዙዎቹ የሚያሳዩሽ ቫንቴጁን ነው። የቤት አበዳሪዎች ግን ለረጅም ዓመታት ሲሠሩበት የኖሩት በድሮዎቹ የፋይኮ ዓይነቶች ነው። መኪና ልትገዢ ብትሄጂ ደግሞ ለመኪና ብድር ብቻ የተሠራ፣ ከ250 እስከ 900 የሚሄድ ሌላ ፋይኮ ሊያወጡልሽ ይችላሉ። ሁሉም ያንቺ ስኮር ነው። ለቤት ብድር ግን የሚቆጠረው አበዳሪው የሚያየው ነው እንጂ አፑ ላይ ያለው አይደለም። አፑን መንገዱ ወደ ላይ ነው ወይስ ወደ ታች የሚለውን ለማየት ተጠቀሚበት፣ በሱ ቁጥር ግን ቤት አታስቢ።

የቤት አበዳሪ ከሦስቱም ድርጅቶች ስኮር ያወጣና መካከለኛውን ይወስዳል። አማካዩን አይደለም፣ መሀል ላይ የወደቀውን። ባልና ሚስት አብረው ካመለከቱ የየራሳቸው መካከለኛ ይወጣና በብዙ የቤት ብድር ወለዱ የሚተመነው ዝቅ ባለው ነው። ይሄ ማለት አብራችሁ ብታመለክቱ ያንቺ 668 ሳይሆን የባለቤትሽ 631 ነው ዋጋውን የሚወስነው። ጋብቻ ክሬዲትን አያዋህድም፤ ሁለት ሰው፣ ሁለት መዝገብ። ስለዚህ እናንተ ቤት ውስጥ መታየት ያለበት ሪፖርት ሦስት ሳይሆን ስድስት ነው።

ልዩነቱ በብር ሲታይ ቀላል አይደለም። ለምሳሌ 300,000 ዶላር ለ30 ዓመት ብትበደሩ በ6.5 በመቶ ወለድ የወር ክፍያው ወደ 1,896 ዶላር ነው። በ7.25 በመቶ ወደ 2,047 ይወጣል። በወር 150 ዶላር ገደማ፣ እስከ መጨረሻው ከተከፈለ ከ54,000 ዶላር በላይ። ቤቱ ያው ቤት ነው። ለዚህ ነው ጥቂት ወር ታግሦ መዝገብን ማስተካከል ዋጋ አለው የምለው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሁሉም ሰው ስለ ስኮር ይጠይቃል፣ ስለ ሪፖርት የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ስኮር ውጤቱ ነው፣ ሪፖርት የፈተና ወረቀቱ። የተሳሳተው የት ጋ እንደሆነ ወረቀቱን ሳታዪ አታውቂም። ሦስቱንም ሪፖርት በነጻ የምታወጪበት በሕግ የተቋቋመ ድረ ገጽ አለ፤ አኑዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም (AnnualCreditReport.com) ይባላል። ድሮ በዓመት አንዴ ነበር፣ ከ2023 ጀምሮ ግን በየሳምንቱ በነጻ ማየት ቋሚ ሆኗል። ስኮር አይሰጥሽም፣ ሪፖርቱን ነው የሚሰጥሽ፣ አሁን የሚያስፈልግሽም እሱ ነው። ስሙ የሚመሳሰል ብዙ ድረ ገጽ ስላለ ተጠንቀቂ። የክሬዲት ካርድ ቁጥር ከጠየቀሽ የተሳሳተ ቦታ ነሽ፣ ውጪ።

የራስሽን ሪፖርት ወይም ስኮር ማየት ስኮር አይቀንስም። በየቀኑ ብታዪው እንኳ አይቀንስም። የሚቀንሰው ብድር ወይም ካርድ ጠይቀሽ አበዳሪው ሲያይሽ ነው፣ እሱም ለአብዛኛው ሰው በጥቂት ነጥብ ነው። መዝገብ ላይ ሁለት ዓመት ይቆያል፣ ፋይኮ የሚቆጥረው ግን የመጨረሻውን 12 ወር ብቻ ነው። ቶሎ ቶሎ አትዪ የሚሉሽ ሰዎች ሁለቱን አምታተውት ነው፣ ጉዳቱ ደግሞ ሰው ሪፖርቱን እንዳያይ ማስፈራቱ ነው።

ሪፖርቱ ውስጥ ምን አለ? ማንነትሽ፣ ያሉሽና የነበሩሽ አካውንቶች፣ ኪሳራ ማወጅ የመሰለ የፍርድ ቤት መዝገብ፣ እና ማን ማን እንዳየሽ። የሌለውን ማወቅም ይጠቅማል። ደሞዝሽ የለም። ባንክ ያለሽ ገንዘብ የለም። ዘርሽ፣ ሃይማኖትሽ፣ የመኖሪያ ወረቀትሽ ዓይነት የለም። አገር ቤት የነበረሽ የባንክ ታሪክ አብሮሽ አልመጣም። ዴቢት ካርድ አይቆጠርም። የቤት ኪራይም ባለቤቱ ወይም አንድ አገልግሎት ካላስመዘገበው በቀር በአብዛኛው አይገባም። እቁብም እንዲሁ። አሥር ዓመት ሙሉ አንድ ሳምንት ሳያጓድል እቁብ የጣለ ሰው ለዚህ ሲስተም ምንም አልከፈለም። ያሳዝናል፣ ምክንያቱም ከዚያ በላይ የታማኝነት ማስረጃ አላውቅም፤ ግን አሠራሩ እንዲህ ነው፣ አውቆ መሄድ ይሻላል።

ሰዎች ሪፖርታቸውን ይዘው ሲመጡ መጀመሪያ የማየው አካውንቶቹን ሳይሆን የመጀመሪያውን ገጽ ነው፣ ስምና የልደት ቀን ያለበትን። የእኛ ሰው ስም ለዚህ ሲስተም አይመችም። አንዱ ቦታ የአባት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ይገባል፣ ሌላ ቦታ የአያት ስም ይገባና የአባት ስም መሀል ላይ ይቀራል። በእንግሊዝኛ ፊደል አንዱን ስም በሦስትና በአራት ዓይነት የሚጽፈው ብዙ ነው። የልደት ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጽፎ ሳይቀየር ገብቶ ሰባትና ስምንት ዓመት የሚዛባበትም ጊዜ አለ። ቀናቸው በትክክል ስላልታወቀ ጃንዋሪ 1 የተሰጣቸው ሰዎችም ብዙ ናቸው። እንዲህ ሲሆን ሁለት ነገር ይከሰታል። ወይ ያንቺ መዝገብ ለሁለት ይከፈልና ጥሩው ታሪክሽ ሌላ ፋይል ውስጥ ይቀራል፤ ወይ ስሙ የሚመሳሰል የሌላ ሰው ዕዳ ያንቺ ውስጥ ይገባል። የማታውቂው አድራሻ፣ ኖረሽበት የማታውቂው ስቴት፣ ሠርተሽበት የማታውቂው መሥሪያ ቤት ካየሽ እሱ ምልክት ነው፣ ዝም ብለሽ አትለፊው።

ከዚያ ወደ አካውንቶቹ ሂጂ። እያንዳንዱ አካውንት ሥር የወራት ሠንጠረዥ ታያለሽ፣ ዓመቱ በጎን፣ ወሩ ከላይ። በሰዓቱ የተከፈለበት ወር ላይ አረንጓዴ ወይም «ኦኬ» ይኖራል። የዘገየበት ላይ 30፣ 60፣ 90 የሚል ቁጥር ይኖራል። ይሄ ቁጥር ቀን ነው። ሦስት ቀን ብታዘገዪ ካርዱ መቀጫ ያስከፍልሻል፣ ሪፖርት ላይ ግን አይወጣም። 30 ቀን ሲሞላው ነው የሚጻፈው። ስለዚህ በ20ኛው ቀን የረሳሽውን ካስታወስሽ ዛሬውኑ ክፈዪ፣ አንድ ጊዜ ከተጻፈ ሰባት ዓመት ይቆያል። በፋይኮ ስሌት በሰዓቱ መክፈል 35 በመቶ ይይዛል። ያለብሽ የዕዳ መጠን 30 በመቶ፣ የታሪክሽ ርዝመት 15፣ አዲስ የከፈትሽው 10፣ የብድሮችሽ ዓይነት ደግሞ 10 ነው። ሁለት ሦስተኛው የሚያልቀው እላይ ባሉት ሁለቱ ነው። ጊዜሽን እዚያ ላይ አድርጊ።

የባለቤትሽ 631 ከየት እንደመጣ ሪፖርቱን ሳላይ መናገር አልችልም፣ ግን መጀመሪያ የምፈትሸው ያንን ኮሳይን የተደረገ መኪና ነው። ኮሳይን ማለት ምስክር መሆን አይደለም። ዋስ ብቻም አይደለም። ሙሉው ዕዳ በስሙ ነው የተጻፈው፣ መኪናውን የሚነዳው ማንም ይሁን። ልጁ አንድ ወር 30 ቀን ካሳለፈ የባለቤትሽ ሪፖርት ላይ እኩል ይጻፋል። ባንኩ ደግሞ ብዙ ጊዜ ለባለቤትሽ አይደውልም፣ ስለዚህ ሳያውቅ ወራት ሊያልፉ ይችላሉ። «ልጁ ራሱ ነው የሚከፍለው» የምትሉት ከልጁ ሰምታችሁ ነው ወይስ አካውንቱን አይታችሁ? ባለቤትሽ ዛሬውኑ የመኪናው አካውንት ኦንላይን መግቢያ እንዲኖረው ያድርግ። ቅያሜ የለውም። ስሙ ያለበት ዕዳ ነው፣ የማየት መብቱ ነው።

ልጁ በሥርዓቱ እየከፈለ ከሆነ ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው መውጫ አለ። የመኪናው የወር ክፍያ ስኮሩን ባይጎዳ እንኳ የቤት አበዳሪው ከገቢያችሁ ላይ እንደ እናንተ ዕዳ ይቆጥረዋል፣ የምትበደሩትን ያሳንሳል። ልጁ ከራሱ የባንክ አካውንት ያለማቋረጥ 12 ወር በሰዓቱ እንደከፈለ ወረቀት ካመጣችሁ ግን ብዙ የቤት ብድሮች ያንን ክፍያ ከስሌቱ ያወጡታል። የሚፈለገው የልጁ የባንክ ስቴትመንት (የሂሳብ መግለጫ) ነው። ለባለቤትሽ በካሽ ሰጥቶት ባለቤትሽ ከራሱ የሚከፍል ከሆነ ግን አይሠራም። ስለዚህ ክፍያው በማን አካውንት እንደሚወጣ አሁኑኑ አጣሩ።

ካርድ ላይ ትንሽ ዕዳ አስቀሪ የሚለው ምክር ትክክል አይደለም። ወለድ መክፈል ስኮር አይጨምርም። አንድ ሳንቲም ወለድ ሳይከፍሉ ከ800 በላይ ያላቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። ይህ ምክር የመጣው ከአንድ እውነት ነው፤ ካርዱ ሥራ ላይ መዋሉ ጥሩ ነው። መጠቀም ግን ሌላ፣ ዕዳ ማሳደር ሌላ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ቁጥር እንይ፣ ምክንያቱም ያንቺን ስኮር ቶሎ ሊያነሳ የሚችለው ይሄ ነው። የካርድሽ ሊሚት (የብድር ጣሪያው) 2,000 ዶላር ነው እንበል። በወር 1,700 ትጠቀሚያለሽ፣ ወር በወር ሙሉውን ትከፍያለሽ። ዕዳ የለብኝም ብለሽ ታስቢያለሽ። የካርዱ ወርሃዊ ስቴትመንት የሚዘጋው በ5ኛው ቀን ነው፣ የመክፈያው ቀን በ30ኛው። አንቺ በ28ኛው ከፍለሽ ጨርሰሻል። ካርድ ሰጪው ግን ወደ ሪፖርት የሚልከው አብዛኛውን ጊዜ ስቴትመንቱ ሲዘጋ ያለውን ነው። ስለዚህ ሪፖርቱ የሚያየው 2,000 ሊሚት ላይ 1,700 ዕዳ፣ ማለትም 85 በመቶ ነው። ለቀመሩ አንቺ እስከ አንገትሽ ዕዳ ውስጥ ያለሽ ሰው ነሽ። በ2ኛው ቀን፣ ስቴትመንቱ ሳይዘጋ 1,600ውን ብትከፍዪ ኖሮ የሚጻፈው 100 ዶላር፣ 5 በመቶ ይሆን ነበር። የተከፈለው ገንዘብ ያው ነው፣ የተለወጠው ቀኑ ብቻ ነው።

ሰዎች 30 በመቶ የሚለውን ቁጥር እንደ ሕግ ይይዙታል። ከ30 በታች ከ60 ይሻላል፣ ግን 30 ላይ የሚከፈት በር የለም። ዝቅ ባለ ቁጥር ይሻላል፣ ከ10 በታች ከሆነ በጣም ጥሩ። ሁሉንም ካርድ ደምሮ ብቻ ሳይሆን አንድ አንዱን ካርድም ለየብቻ ያያል። ደስ የሚለው ነገር የቤት አበዳሪዎች የሚጠቀሙባቸው የድሮ ቀመሮች የዚህን ትዝታ አይዙም። ያለፈው ወር 85 ነበርሽ፣ በዚህ ወር 6 ሆነሽ ከተላከ፣ የሚታየው 6ቱ ነው። በአንድና በሁለት ወር ውስጥ ብዙ ነጥብ ሊመለስ የሚችልበት ቦታ ከዚህ ሌላ እምብዛም የለም።

የድሮውን ካርድ ዝጊ ያለሽን ሰው አትስሚ። ብትዘጊው ሊሚቱ ይጠፋና የቀሩት ካርዶች ላይ ያለው ዕዳ በመቶኛ ከፍ ይላል። ታሪኩ ወዲያው አይጠፋም፣ በጥሩ ሁኔታ የተዘጋ አካውንት እስከ አሥር ዓመት ሪፖርት ላይ ይቆያል፣ ግን ቤት ልትገዢ ስትይ መዝጋቱ ምንም ጥቅም የለውም። ዓመታዊ ክፍያ የሚያስከፍልሽ ካርድ ከሆነ ክፍያ ወደሌለው እንዲቀይሩልሽ ጠይቂ፣ ወይ ቤቱን ከገዛሽ በኋላ ዝጊው። አንድ ትንሽ ነገር፣ የስልክ ወይም የኢንተርኔት ክፍያ አድርጊባት፣ በራሱ እንዲከፈል አድርጊው፣ እሷን እርሺያት።

ስለ 900 ዶላሩ ሰው። አትክፈሉት። ክሬዲት አስተካካዮች ሥራውን ሳይጨርሱ ገንዘብ መቀበል በ1996 በወጣ የፌዴራል ሕግ ተከልክሏል። እሱ የሚልከው የመቃወሚያ ደብዳቤ እናንተም በነጻ መላክ የምትችሉት ነው። እውነት የሆነን መጥፎ ታሪክ ማንም ማስፋቅ አይችልም። ሁሉንም ነገር ውሸት ነው ብሎ ዲስፒዩት ቢያደርግ (ቢቃወም) ለጊዜው የጠፋው ነገር ሲረጋገጥ ተመልሶ ይመጣል። አንዳንዶቹ ደግሞ በሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥራችሁ ፈንታ ሌላ ቁጥር ሰጥተው በሱ አመልክቱ ይላሉ፤ ያ ወንጀል ነው፣ የሚጠየቀው የፈረመው ሰው ነው፣ የመኖሪያ ወረቀት ጉዳይ ያለበት ሰው ላይ ደግሞ መዘዙ ከብድር አልፎ ይሄዳል። የሚያግዛችሁ ሰው ከፈለጋችሁ በአሜሪካ የቤቶች ሚኒስቴር፣ ሃድ በሚባለው፣ ፈቃድ የተሰጣቸው የቤት ገዢ አማካሪዎች በየከተማው አሉ። ብዙዎቹ በነጻ ወይም በትንሽ ክፍያ ይሠራሉ።

ስህተት ካገኛችሁ ራሳችሁ አስተካክሉት። ስህተቱ ላለበት ለእያንዳንዱ ድርጅት ለብቻው ነው የሚጻፈው፣ አንዱ ጋ ሲስተካከል ሌላው ጋ አብሮ አይስተካከልም። መረጃውን ለላከው ባንክም ጻፉ። ማስረጃ አያይዙ፣ ኮፒ እንጂ ዋናውን አትላኩ። «ሁሉም ስህተት ነው» ሳይሆን ይሄ አካውንት፣ በዚህ ወር፣ በዚህ ምክንያት የእኔ አይደለም ብላችሁ ነጥላችሁ ጻፉ። ድርጅቱ በሕግ አብዛኛውን ጊዜ በ30 ቀን፣ አንዳንዴ በ45 ቀን ውስጥ አጣርቶ መልስ መስጠት አለበት። አራት ወር አለን ስትሉ ብዙ ይመስላል፣ ይሄ ብቻውን አንዱን ወር ተኩል ይበላል። ዛሬ መጀመር ያለበትም ለዚህ ነው። የቤት ብድር ተጀምሮ እያለ ያልተዘጋ ዲስፒዩት ሪፖርት ላይ ካለ አበዳሪው ሥራውን ሊያቆመው ይችላል፣ ስለዚህ ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ይለቅ።

ኮሌክሽን የገባ (ለዕዳ ሰብሳቢ የተላለፈ) ነገር ካለ ከመክፈላችሁ በፊት ረጋ በሉ። የሐኪም ቤት ዕዳ ከሆነ፣ ከ2022 ጀምሮ የተከፈለ የሕክምና ኮሌክሽን፣ ከ2023 ጀምሮ ደግሞ ከ500 ዶላር በታች የነበረ፣ ከሦስቱም ሪፖርት ላይ መውጣት አለበት። ካለ ይውጣልኝ በሉ። ሌላ ዓይነት የቆየ ዕዳ ከሆነ ሰባት ዓመቱ የሚቆጠረው መጀመሪያ ክፍያው ከተቋረጠበት ቀን ነው፣ ብትከፍሉም እንደገና አይጀምርም። በአንዳንድ ስቴት ግን ለቆየ ዕዳ ትንሽ መክፈል የመከሰስ ጊዜውን እንደገና ሊያስጀምረው ይችላል። እዚያ ላይ በስሜት 50 ዶላር አትላኩ፤ መጀመሪያ ዕዳው የእናንተ መሆኑን በጽሑፍ ያረጋግጡላችሁ፣ ከዚያ ሎን ኦፊሰሩን (የባንኩን የብድር ሠራተኛ) አማክሩ።

አበዳሪ ማወዳደር አትፍሩ። አንድ ባንክ ብቻ ጠይቆ የሰጠውን መውሰድ ብዙ ገንዘብ ያስከፍላል። ለቤት ብድር የሚደረግ ፍተሻ በ14 ቀን ውስጥ ከሆነ፣ አምስት አበዳሪ ቢያይሽ እንኳ በፋይኮ እንደ አንድ ይቆጠራል። አዲሶቹ ቀመሮች እስከ 45 ቀን ይሰጣሉ፣ ግን በየትኛው እንደሚሠሩ ስለማታውቂ በሁለት ሳምንት ጨርሺው። ይሄ ለክሬዲት ካርድ አይሠራም። ሱቅ ውስጥ «ካርድ ክፈቺ 15 በመቶ እንቀንስልሽ» ሲሉሽ በእነዚህ ወራት መልሱ አይ ነው።

ስኮር ብቻውን ቤት አያስገዛም፣ ይሄንንም ልንገርሽ። ኤፍ ኤች ኤ የሚባለው፣ መንግሥት ዋስ የሚሆንለት ብድር በ580 ስኮር 3.5 በመቶ ቅድመ ክፍያ ይቀበላል፣ ከ500 እስከ 579 ደግሞ 10 በመቶ ይጠይቃል፣ ምንም እንኳ ብዙ አበዳሪዎች በራሳቸው ከዚያ ከፍ ያለ ቢፈልጉም። በ631 እንኳ በሩ አልተዘጋባችሁም ማለት ነው። ግን ገቢያችሁና የወር ዕዳችሁ ይመዘናል። ባለቤትሽ ኡበር ወይም ትራክ የሚሠራ ከሆነ የሚታየው የገባው ብር ሳይሆን ታክስ ላይ ያሳየው ትርፍ ነው፣ ወጪ አብዝቶ ታክስ ያሳነሰ ሰው እዚህ ጋ ይያዛል። ቅድመ ክፍያው ደግሞ ከየት እንደመጣ ይጠየቃል። የእቁብ ዕጣ ደርሶሽ በካሽ ባንክ ብታስገቢው አበዳሪው ይሄ ምንድን ነው ማለቱ አይቀርም። ኤፍ ኤች ኤ እንዲህ ያለውን የግል የቁጠባ ማኅበር እንደ ገንዘብ ምንጭ ይቀበላል፣ ግን መዝገብ ይፈልጋል። የእቁቡ ጸሐፊ ማን መቼ ስንት እንደጣለ በወረቀት የያዘ ከሆነ ከአሁኑ ኮፒ ውሰጂ። በቃል ብቻ የሚሄድ እቁብ ከሆነ ጊዜ እያለ ለአበዳሪው ንገሪው።

«ያለ ባለቤቴ ለብቻዬ ባመለክትስ?» ብለሽ ማሰብሽ አይቀርም። ገቢሽ ብቻውን ከበቃ ይቻላል፣ እሱ ብድሩ ላይ ሳይኖር የቤቱ ባለቤትነት ላይ ሊገባ ይችላል። አንድ ጥንቃቄ አለው። ካሊፎርኒያ፣ ቴክሳስ፣ ኔቫዳ፣ ዋሽንግተን ስቴትና ሌሎች ጥቂት ስቴቶች ውስጥ በኤፍ ኤች ኤ ብድር የባል ዕዳ፣ እሱ ብድሩ ላይ ባይኖርም፣ ይቆጠራል። ስኮሩ አይቆጠርም፣ ዕዳው ግን ይቆጠራል። ያ የመኪና ብድር እንደገና ይመጣል ማለት ነው።

እንግዲህ እንዲህ አድርጉ። በዚህ ሳምንት ስድስቱንም ሪፖርት አውጡ፣ ቁጭ ብላችሁ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አንብቡ። ስህተቱን በመጀመሪያው ሳምንት ጻፉ። የየካርዱን ስቴትመንት መዝጊያ ቀን እወቁ፣ ከዚያ ቀን በፊት ክፈሉ። ቅድመ ክፍያ እያጠራቀማችሁ ካርድ ላይ ወለድ የሚከፈልበት ዕዳ ካለ፣ ከቁጠባው ላይ ቀንሳችሁ ካርዱን አውርዱ፤ ከሎን ኦፊሰር ጋር ተነጋግራችሁ ግን፣ ለቅድመ ክፍያ እንዳያጥራችሁ። አዲስ ምንም አትክፈቱ፣ ለማንም ኮሳይን አታድርጉ። በሦስተኛው ወር ሪፖርቱን እንደገና አውጡ። ያኔ የባለቤትሽ ከተስተካከለ አብራችሁ፣ ካልተስተካከለና ገቢሽ ከበቃ ለብቻሽ አመልክቺ። ሁለቱም ካልሆነ ሁለት ሦስት ወር ግፉት። በ631 ቸኩሎ ከመፈረም ሁለት ሦስት ወር ቆይቶ በተሻለ ወለድ መፈረም ይሻላል፣ በዚህ አልደራደርም።

አመልክታችሁ ከፈቀዱ በኋላም ቁልፉ እጃችሁ እስኪገባ ሶፋና ቴሌቪዥን በዱቤ አትግዙ፣ አበዳሪው ከመዝጊያው በፊት ሪፖርቱን እንደገና ሊያይ ይችላል። ከከለከሏችሁ ደግሞ በቃል «አልሆነም» ብለው ሊያሰናብቷችሁ አይችሉም። ምክንያቱን በጽሑፍ የመጠየቅ መብት አላችሁ፣ የትኛውን ድርጅት ሪፖርት እንዳዩም መንገር አለባቸው፣ በ60 ቀን ውስጥ ያንን ሪፖርት ከዚያው ድርጅት በነጻ ትጠይቃላችሁ። ደብዳቤው ላይ የተጻፉትን ምክንያቶች አንድ በአንድ ከሪፖርቱ ጋር አስተያዩ፣ የሚቀጥሉትን ወራት የምትሠሩት በእነሱ ላይ ነው።